ፌስታሉን ይገልብጡት

ጥቅምት 8

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኔ ደህና ነኝ። በሰላም ገብቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት እኔን ያመጣኝ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በየሳምንቱ ስለሚመላለስ መልስዎን ለእሱ ይስጡት። ስልክማ ደውዬ ነበር እኮ! እርስዎ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" ብለው ዘጉት። እኔ የጠየቅኩት "ብርድ ልብሴን የት አስቀመጡት?" ብዬ ነበር። ያ የመጋዝ ማሽን ጆሮዎን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲበላው ኖሮ አሁን ለስልክ ምንም አላስተረፈም። ስለዚህ ብንጻጻፍ ይሻላል።

ክፍሌ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት አለው። የወንበሩ አንድ እግር አጠር ስለሚል ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ሸጉጬበታለሁ። እንዳይስቁብኝ።

ምን እያሠሩሽ ነው ካሉኝ፣ ክኒን እየቆጠርኩ ነው። አልቀለድኩም። አራት ዓመት መድኃኒት አጥንቼ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ፣ አሁን በተግባር ልምምድ ስም ቀኑን ሙሉ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እላለሁ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ "እትዬ ገልብጡ" ነው የሚላቸው። ታካሚ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ማዘዣውን ከማንበባቸው በፊት "ቤት ያለዎትን መድኃኒት ይዘዋል? በሉ ፌስታሉን ይገልብጡት" ይላሉ። እኔ ግን መስኮቱ ጋ ዝር እንድል አልተፈቀደልኝም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው "ልጄ፣ መጀመሪያ እጅሽ ይወቀው" አሉኝ። እጄ ምን ያውቃል አባባ? የተማርኩት እኔ!

የእግርዎ እብጠት ጎደለ ወይ? ደግሞ ያዞረኛል ብለው ነበር አሉ። የግፊት ክኒንዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

ልጅዎ ሜትሬ


ጥቅምት 19

ለልጄ ለሜትሬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ማሽኑም ደህና ነው፤ ይጮሃል ይሉኛል፣ እኔ አልሰማውም። ብርድ ልብስሽን ሹፌሩ ይዞልሽ ይመጣል።

ደብዳቤሽን ሦስቴ ደጋገምኩት። ሁለቴ ራሴ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ፣ ምክንያቱም በመሀል መነጽሬ ላይ ተቀመጥኩበት። አሁን በኮላ አጣብቄዋለሁ፤ ትንሽ ዘመም ይላል እንጂ ያሳያል።

የጻፍሽውን ሳነብ ሳቅሁ። እኔ አናጺነት ስጀምር ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ ስድስት ወር ሙሉ እንጨት አላስነካኝም። ሞረድ ይዤ መሮ ስስል ውዬ መሮ ስስል አመሻለሁ። ባልንጀሮቼ ወንበር ሲሠሩ እኔ እጄ በዘይት ጠቁሮ ወደ ቤት እገባለሁ። በልቤ ስንቱን ስድብ ሰደብኩት መሰለሽ! አንድ ቀን "ና እስቲ፣ ዓይንህን ጨፍን" ብሎ አምስት መሮ አስጨበጠኝ። "የደነዘው የትኛው ነው?" አለኝ። በአውራ ጣቴ ዳሰስ ዳሰስ አድርጌ ሦስተኛውን ሰጠሁት። ብድግ ብሎ ጣውላ አመጣልኝ። እኔ ራሴ ማወቄን ያወቅሁት ያኔ ነው። መቼም እኚህ ሴትዮሽ ትንሽ እሱን ይመስሉታል።

ካርቶኑን ከወንበሩ ሥር አውጪው፣ ያሳፍራል። ሦስቱን እግር ለክተሽ ከአጭሩ እኩል ቁረጫቸው። መጋዝ የሚያውስ ሰው አይጠፋም።

ስለ እግሬ ላነሳሽው፣ ጫማው ጠቦ ነው። ስለ ማዞሩ ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌ ብቻ ሳይሆን ወሬም ታቀብላለች። የሚያዞረኝ ስነሳ ብቻ ነው፣ ስቀመጥ ደህና ነኝ። ክኒኑን እንዳልሽው እወስዳለሁ። ጠዋት አንዱን፣ ማታ አንዱን።

አባትሽ


ኅዳር 6

ለውድ አባቴ፣

ይቅርታ አባባ። ሹፌሩ ሁለቴ መጥቶ ባዶ እጁን ሸኘሁት። ታመሽ ነው ወይ ብለው ጽፈዋል። አልታመምኩም፤ አፍሬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መስኮቱ ጋ እንድቆም ተፈቅዶልኝ ነበር። ደስታዬን ልነግርዎት ፈልጌ ደብዳቤውን ጀምሬም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት የስኳር መድኃኒት ልትወስድ መጣች። ከመደርደሪያው አንስቼ፣ አወሳሰዱን በደንብ አስረድቼ፣ ፈገግ ብዬ ሰጠኋት። አመስግናኝ ሄደች።

እትዬ ገልብጡ ከኋላዬ መደርደሪያውን ይደባብሱ ነበር። ሁልጊዜ ይደባብሱታል፤ የአቧራ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ድንገት እጃቸው ቆመ። "የቅድሟ ሴትዮ የታዘዘላት ስንት ነበር?" አሉኝ። "አምስት ሚሊግራም" አልኩ። "የጎደለው ከአሥሩ ነው" አሉኝ።

ሁለቱ ካርቶኖች የአንድ ፋብሪካ ናቸው። አንድ ዓይነት ነጭ፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ መስመር አላቸው። ልዩነታቸው ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ብቻ ናት። እጥፍ ሰጥቻታለሁ ማለት ነው።

ጋዋኔን እንደለበስኩ ትክክለኛውን ካርቶን ይዤ ወጥቼ ሮጥኩ። የጫማዬ ማሰሪያ መንገድ ላይ ተበጠሰ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ሴትዮዋ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች፤ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው። "ተሳስቼ ነው የሰጠሁዎት፣ ይመልሱልኝ" አልኩ፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ እየሰማ። ቦርሳዋን ከፈተች። አውጥታ ሰጠችኝ፤ ትክክለኛውንም ተቀበለችኝ። ከዚያ "እንኳን ሮጥሽ" ብቻ አለችኝ።

ስመለስ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እትዬ ገልብጡ አልጮሁም። "ወንበር ላይ ውጪና ሁለቱን አራርቂያቸው። ራስሽ ቦታ ምረጪላቸው" አሉኝ። አሁን አንዱ በስተቀኝ ከላይ ነው፣ ሌላው በስተግራ ከታች። የሚገርመው አባባ፣ ስለሚመሳሰሉ ካርቶኖች ፈተና ላይ ተጠይቄ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው። አደገኛ የሚሆኑበትን አራት ምክንያት ዘርዝሬ ጽፌ ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ካርቶን ሦስቴ አነባለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ሰዉ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

ሜትሬ


ኅዳር 17

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የሮጥሽው ደስ ብሎኛል። ተሳፋሪ ፊት ተሳስቻለሁ ማለትሽ ደግሞ ከአንደኛ መውጣትሽ በላይ ደስ ብሎኛል። እኔ ለአንድ ደንበኛ የተንሻፈፈ በር ሠርቼ ቤቱ ነው የተንሻፈፈው ብያለሁ። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው።

ነገር ግን አንድ ነገር ገባኝ። አንቺ እንዲህ የተማርሽው፣ እንዲህ የምትጠነቀቂው ከተሳሳትሽ፣ ለእኔ ክኒን የሰጠኝ የመድኃኒት ቤቱ ልጅስ? ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም እኮ። "ይሄ ክኒን ሆዴ ገብቶ የሚሠራው ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው "እንደታዘዘልዎት ይውሰዱ" አለኝ። እኔ ምን ዓይነት ምስማር እንደሆነ ሳላውቅ ሳንቃ ላይ አልመታም። ሰውነቴ ከሳንቃ አይሻልም እንዴ? ስለዚህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሁለቱንም ክኒን ትቻቸዋለሁ። ጠልቻቸው ነው የተውኳቸው፣ ሌላ ነገር የለም። ደህና ነኝ። አታስቢ።

የጽሑፌን መጥመም አትይብኝ፤ ብዕሩ ነው።

አባትሽ

የኔ ልጅ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። አባትሽ ፖስታ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ስለገባ ቶሎ ቶሎ ልበል። ብዕሩ አይደለም፣ አውራ ጣቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከማሽኑ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ዞረበትና መጋዙ አገኘው። ጣቱ አልተቆረጠም፣ ተርፏል። አምስት ቦታ ሰፍተውታል፤ ስፌቱን አይቼዋለሁ፣ እኔ ብሰፋው ይሻል ነበር። ለእሷ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል፤ እንዳትናገሪ እንጂ እንዳትጽፊ አላለኝም። መጣ


ኅዳር 20

አባባ፣

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው፤ አጭር ነው የምጽፈው። አልተቆጣሁም። እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ጣትዎን ግን እስምልዎታለሁ።

መጠየቅዎ ልክ ነው። ያ ልጅ ሊመልስልዎት ይገባ ነበር። መተውዎ ግን ልክ አይደለም። የግፊት መድኃኒት በገዛ እጅ ድንገት ሲተዉት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ሳያሳውቅዎት ይወጣል። ዛሬውኑ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደው ይለኩ። እንደተዉት ይንገሯቸው። እንደሚያዞርዎት፣ እግርዎ እንዳበጠ ይንገሯቸው። ጫማው ጠቦ ነው እንዳይሉ! ምን እንደሚወስዱና እንደማይወስዱ እነሱ ይወስኑ። እስከዚያው ማሽኑን አይንኩት። ቢለምኑኝም አልሰማም።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ካርቶኖች ላይ የተጻፈውን ቀድተው ይላኩልኝ። ትልልቁን ፊደል ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ትንሹንም።

"ጠዋት አንዱን፣ ማታ አንዱን" ብለው ጽፈውልኝ ነበር። አንብቤ አለፍኩት። እዚህ የስንቱን ሰው ፌስታል ሳስገለብጥ እየዋልኩ የአባቴን አላስገለበጥኩም።

እትዬ ልብስ ሰፊ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እየጎተቱ ይውሰዱልኝ።

ሜትሬ


ኅዳር 21

ለልጄ ለሜትሬ፣

ተጎትቻለሁ። የዚች ሴት እጅ የመርፌ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ኃይሏን አሁን አወቅሁት።

ግፊቴን ለኩት። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ሁለተኛ ለካችኝ፣ ከዚያ "ቁጭ ይበሉ አባት" አለችኝ። ከፍ ብሏል። እንደተውኩት ነገርኳት፣ እግሬንም ገልጬ አሳየኋት። የዕለቱን ክኒን እዚያው ከጤና ጣቢያው ሰጥተውኝ "ነገ ዶክተሩ ስለሚገባ ያለዎትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይምጡ" ተባልኩ።

ሁለቱ ክኒኖች ከየት መጡ ብትይኝ፣ አንዱ አምና ጤና ጣቢያው የሰጠኝ ነው። ሁለተኛው ክረምት ላይ ራሴን አሞኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ያዘዙልኝ ነው። ያኔ ያየኝ ዶክተር "ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ብሎኝ ነበር ለካ። እኔ የሰማሁት "ሌላ ሕመም አለብዎት?" የሚል ነው። "የለም፣ ተመስገን" አልኩት። አሁን አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳስበው ነው የገባኝ። ይሄ የእኔ ጆሮ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ከነርሷ ዘንድ እንደተመለስኩ ካርቶኖቹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ መቅዳት ጀመርኩ። የፈረንጅ ፊደል ስለማላውቅ እንደ ሥዕል ነው የሳልኩት፣ እያንዳንዷን በማስመሪያ። ጣቴም ስላበጠ ቀስ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ካርቶን ትልቁን ሳልኩ፤ ከሥሩ ያለውን ትንሹን ሳልኩ። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። ትልቁ ሌላ ነው፣ ምንም አይገናኝም። ወደ ትንሹ ስደርስ ግን እጄ ቀደመኝ። ካርቶኑን ሳላይ የሚቀጥለውን ፊደል ሊሠራ ሄደ። ቆም አልኩ። ይህን ቅርጽ ቅድም ሠርቼዋለሁ አልኩ። ያቺ ጅራቷ ወደ ታች የወረደች ፊደል፣ ከዚያ ክቧ፣ ከዚያ ሁለቱ ቋሚዎች።

ሁለቱን ወረቀት መስኮቱ ላይ ደራርቤ በብርሃን አየኋቸው። የላይኛው ጽሑፍ አልገጠመም። የታችኛው እንደ በርና መቃን ልክ ገባ።

ልጄ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው እንዴ?

መልስሽን አልጠብቅም፤ ነገ ጠዋት ሁለቱንም ካርቶን ይዤ ዶክተሩ ጋ እገባለሁ። ወረቀቶቹን ግን ላንቺ ልኬያለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 3

አባባዬ፣

አንድ ናቸው!

ወረቀቶቹን ይዤ ለእትዬ ገልብጡ ሮጬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። "ይህን የቀዳው ማነው?" አሉ። "አባቴ ነው፣ ፊደሉን አያውቀውም፣ አናጺ ነው" አልኳቸው። ቁጭ አሉ። እሳቸው ሥራ ላይ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። "ዓይን ያነበበውን ያልፈዋል፤ እኚህ ሰው በእጃቸው አነበቡት" አሉኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን ተቀብለው ሰልፉ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፏቸው። ሳላስፈቅድዎት ነው፤ ይቅርታ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ትልቁ ጽሑፍ ፋብሪካው ለዕቃው ያወጣለት ስም ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ያወጣል። ትንሹ ደግሞ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው፤ የትም ይሠራ የት አይለወጥም። እርስዎ የወሰዱት አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም፣ እጥፍ አድርገው ነው። ማዞሩም፣ እግርዎን ማሳበጡም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ መርዝ ሆኖ አይደለም፤ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በልኩ ሲሆን። ዶክተሩ ምን እንዳለ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ስለ መስኮቱ በሹፌሩ በኩል ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም እንጂ፣ ከፊቱ ያለው መደገፊያ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰዉ ፌስታሉን ሲገለብጥ ግማሹ ክኒን መሬት ይወርዳል። ትናንት ከአንድ ሰውዬ ጋር ተንበርክከን ስንለቅም ጭንቅላታችን ተጋጨ።

ወንበሩን ቆርጬዋለሁ። ሦስቴ ቆርጬ አሁን ከበፊቱ በጣም አጠረ እንጂ አይነቃነቅም።

ሜትሬ


ታኅሣሥ 24

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የዛሬው ደህና ግን እውነተኛው ነው።

ዶክተሩ ሁለቱን ካርቶን ጎን ለጎን አድርጎ አየና እኔን አየኝ። አንዱን ብቻ እንድወስድ አዘዘኝ፤ ሌላውን እዚያው አስቀረው። በየሳምንቱ እየሄድኩ ተለካሁ። አሁን ቁጥሩ እነሱ የሚፈልጉት ቦታ ቆሟል። እግሬ ጎድሏል። ስነሳ ቤቱ አብሮኝ አይነሳም። ጫማዬ ግን አሁንም ይጠበኛል፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁሽም። ስፌቱ ተፈቷል፤ ጣቴ ትንሽ ጎርባጣ ሆኗል እንጂ ይጨብጣል። ዶክተሩ ከፈቀደልኝ ወዲህ ወደ ማሽኑ ተመልሻለሁ።

ወደ ክሊኒኩም ሄጄ ነበር። ልጣላ መስሎሽ እንዳይሆን። "ጌታዬ፣ ያን ቀን የጠየቁኝን አልሰማሁም፣ እርስዎም መስማቴን አላረጋገጡም" አልኩት ያን ዶክተር። ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ነጭ ወረቀት አውጥቶ በትልልቁ ጻፈልኝ፦ "ልክ ነዎት።" ከእኔ በኋላ ለገባችው አሮጊትም ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ ሲያሳያት በበሩ ስንጥቅ አየሁ።

አንድ ችግር ግን አለ። ልብስ ሰፊዋ ለመንደሩ ሁሉ አወራችው። አሁን ሰዉ ፌስታል እያንጠለጠለ ሱቄ ይመጣል። "እኔ አናጺ ነኝ፣ ቁምሳጥን ከፈለጋችሁ ልሥራ" እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! ትንሹን ፊደል እያችሁ ካርቶናችሁን በሙሉ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ እያልኩ እሸኛለሁ። ነርሷ ሳልፍ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች።

ስለ መስኮቱ ለምን እንደጠየቅሁ አሁን ይገባሻል። ሹፌሩ ከጣሪያው ላይ የሚያወርድልሽ እንጨት የሰፊ ጠረጴዛ ገበታ ነው። ጠርዙን አንድ ጣት ከፍ አድርጌዋለሁ፣ ክኒን አይንከባለልበትም። በብርጭቆ ወረቀት አራቴ ፈትጌዋለሁ። እግሮቹን ለብቻ አስሬያለሁ፣ ብሎኖቹ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ናቸው፤ ከረጢቱን ማን እንደሰፋችው አልነግርሽም። ለሌላ ሰው አትስጪ፣ ራስሽ ግጠሚው። መጀመሪያ አላልተሽ ሁሉንም አስገቢ፣ ከዚያ በሰያፍ አጥብቂ።

አባትሽ


ጥር 15

ለውድ አባቴ፣

ራሴ ገጠምኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ አንዱን እግር ገልብጬ አስገብቼ ፈታሁት። እትዬ ገልብጡ ከጎኔ ቆመው አንዴም አልነኩም። ሲያልቅ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ገበታውን ዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። "አባትሽ ሥራ ያውቃሉ" አሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበው ተቀመጡና "በይ እንግዲህ፣ ሰዎቹን ጥሪ" አሉኝ። ብቻዬን ማለታቸው ነበር።

ልምምድሽን እንዴት ጨረስሽ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ስለዚያ ጠዋት ልንገርዎት።

የመጀመሪያው ሰው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠብቁ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ፌስታላቸውን ገለበጡት። ክኒን፣ ቁልፍ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ ግማሽ ከረሜላ ወጣ። አንድም ነገር መሬት አልወረደም። አንድ በአንድ ለየን። የታዘዘላቸውን አዲሱን መድኃኒት ከነበሯቸው ጋር አስተያየሁት፣ ትንሹን ፊደል አነበብኩ፣ ቁጥሩን አነበብኩ፣ ከማዘዣው ጋር አመሳከርኩ። ልሰጣቸው ስዘረጋ አልተቀበሉኝም። ካርቶኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄን ለአባትሽ ትሰጪዋለሽ?" አሉኝ።

ድሮ ቢሆን እቀየም ነበር። እጄን መለስኩ። ካርቶኑን እንደገና አነበብኩት፣ ማዘዣውንም እንደገና። ከሰልፉ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አንብቤ ጨረስኩ።

"እሰጠዋለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አምጪው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ልጅዎ ሜትሬ